ዘር የሚመርጠው ነጋዴው አይደለም

«ስንት ሰው አየው?» እና «እንዴት ያለ ሥራ ነው?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሁለቱን አንድ አድርገናቸዋል። ጥሊሊ ላይ ግጥም የሚጽፍ ልጅ፣ እንጅባራ ላይ ዜማ የምትደርስ ልጅ፣ ዳንግላ ላይ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሥዕል የሚስል መምህር ሥራቸውን እንደጨረሱ የመጀመሪያው እርምጃቸው ስልክ ላይ መጫን ነው። ሁለተኛው ቁጥሩን ማየት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሥራው ጥሩ ነው። ዝቅ ካለ ሥራው ከንቱ ነው፤ ሠሪውም አብሮ ከንቱ ነው።

ይህን ልማድ እቃወማለሁ። ቴክኖሎጂን አይደለም የምቃወመው፤ ይህንም የምታነቡት በስልክ ነው፤ ከግርጌው ስንት ሰው እንዳየው የምትቆጥር የዓይን ምልክት አለች። የምቃወመው ያቺን ዓይን ዳኛ አድርገን መሾማችንን ነው። ጉዳዩ የገጣሚዎችና የሠዓሊዎች የጓዳ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የወቅታዊ ጉዳይ አንባቢዎችን ጊዜ አልወስድም ነበር። ግን አይደለም። ምን እንደሚጻፍ፣ ምን እንደሚዘፈን፣ የትኛው ቋንቋ እንደሚጻፍበትና የትኛው እንደሚተው፣ በዚህ ክፉ ጊዜ የማን ቁጣ እንደሚራገብ እየወሰነ ያለው ይኸው መለኪያ ነው።

ከቃሉ እንነሣ

አማርኛ «ዋጋ» የሚለውን ቃል ለሦስት ነገር ይጠቀምበታል። አንደኛው በብር የሚነገረው የገበያ ዋጋ ነው። «ይህ ነገር ዋጋ የለውም» ስንል ደግሞ ቁም ነገሩን፣ ፋይዳውን ማለታችን ነው። «ዋጋ ከፈለ» ስንል ሰውየው የደከመውንና ያጣውን ማለታችን ነው። ሦስቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ አንዱ በሌላው ቦታ ሳናውቀው ይገባል። ገበያ ያልፈለገው ነገር ቁም ነገር የሌለው ይመስለናል። ብዙ የተደከመበት ነገር ደግሞ የግድ ጥሩ መሆን ያለበት ይመስለናል። «ሦስት ዓመት የደከምኩበት መጽሐፍ ነው» የሚል ደራሲ ስለ ድካሙ ነገረን እንጂ ስለ መጽሐፉ ገና ምንም አልነገረንም።

ይህን ልዩነት አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ የጥሊሊ አካባቢ ገበሬን ጠይቁ። አገሩ የድንች አገር ነው። ምርት ሲደርስ ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚያወጣና ድንች እንደ እህል ጎተራ ገብቶ ስለማይከርም ዋጋው ይወርዳል። መንገድ ተዘግቶ መኪና ከቀረ ደግሞ ይብሱን ይወርዳል። ዋጋው ሲወርድ ድንቹ አልቀለለም፤ ጣዕሙም አልተለወጠም። ዋጋው የሚነግረን ስለ መንገዱ፣ ስለ ደላላውና ስለ ወቅቱ ነው።

ገበሬው ለከርሞ ዘር የሚሆነውን ሲለይ ግን ነጋዴውን አይጠይቅም። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያገላብጣል። የበሰበሰውን ይጥላል፤ በሽታ የነካውን ለብቻ ያደርጋል፤ ደህና ቡቃያ የሚያወጣውን ያስቀምጣል። ለሽያጭ የሚሆነውን ነጋዴው በዋጋው ይወስን፤ ለዘር የሚሆነውን የሚወስነው ግን ያመረተው ነው። በዚህ ከተሳሳተ ደግሞ የሚቀጣው በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ነው።

የእኛ ዘመን የጥበብ ሰው የተወው ይህን የዘር መረጣ ሥራ ነው። ምን እንደሚሸጥ ለማወቅ ይጥራል። ምኑ ለከርሞ እንደሚቀመጥ ግን አይጠይቅም።

ማብሪያ ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ተመልሶ እስኪለቀቅ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ከውጭ አገር ልጇ ጋር የምትገናኝ እናት የደረሰባቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ በዚያ ዓመት ጥሊሊ ላይ የተጻፈ ግጥም ስንት ሰው አየው? ምናልባት አምስት። ምናልባት ደብተሩ ብቻ።

ዋጋ ማለት እይታ ከሆነ በዚያ ዓመት በዚህ ክልል የተጻፈው ሁሉ ዋጋ አልነበረውም ማለት ነው። ኔትወርኩ የተለቀቀ ዕለት ደግሞ በአንድ ሌሊት ዋጋ አወጣ ማለት ነው። ይህን የሚያምን ሰው የሥራውን ዋጋ ማብሪያ ማጥፊያው በእጁ ላለ ሰው አስረክቧል። ያ ሰው ባለሥልጣን ይሁን፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ የቲክቶክን ቀመር የሚቀያይር ኢንጂነር ይሁን ልዩነት የለውም።

መድረስ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሥራ ሰው ዘንድ እንዳይደርስ መከልከልም በደል ነው። ነገር ግን የተዘጋው መድረሱ ነው። ግጥሙ በደብተሩ ላይ፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ እንደነበረው ነበረ። ይህን የመሰለ ረጅም ጸጥታ ያለፈ አገር ከማንም በፊት መድረስን ከመሆን ለይቶ ማወቅ ነበረበት። እኛ ግን ኔትወርኩ ሲመለስ ወደ ቆጠራው ተመለስን።

የባሕር ዳሩ ካሴት

ከጥሊሊ ተነስቶ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል የሄደ ሰው ባሕር ዳር ይደርሳል። እዚያ ከተማ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ፣ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ አንድ አሮጌ ካሴት አገኘ። የኃይሉ መርጊያ ካሴት ነበር።

ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ለትርኢት ወደ አሜሪካ ሲሄዱ እዚያው ከቀሩት አንዱ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። ከዚያ የመድረኩ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነጂ ሆኑ። በአውሮፕላን ማረፊያው ተራቸውን ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ታተመ፤ ታክሲ ነጂውም በዓለም መድረኮች ላይ እንደገና ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጡ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው «ታገሥ፤ አንድ ቀን ፈረንጅ ያገኝሃል» ለማለት ነው። ይህ ቁጥርን ከማምለክ የተሻለ ትምህርት አይደለም። ዳኛውን ከቲክቶክ ወደ ፈረንጅ አዛወረው እንጂ ወደ ሥራው አልመለሰውም። አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ከ1985 እስከ 2013 ባሉት 28 ዓመታት በዚያ ካሴት ላይ ስንት ኖታ ተጨመረ? አንድም። ስንት ተቀነሰ? አንድም። በ2013 ጥሩ ከሆነ በ1985ም ጥሩ ነበር። ሰብሳቢው ወደ ባሕር ዳር ባይመጣ፣ ወይም ባለ ሱቁ ካሴቱን ጥሎት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬም ማንም ሳይሰማው ያው ጥሩ ሙዚቃ ይሆን ነበር።

ለእኔ የታሪኩ ቁም ነገር ያለው ታክሲው ውስጥ ነው። ሰሚ የለም። ካሜራ የለም። ጭብጨባ የለም። ሰውየው ግን ይለማመዳሉ። ለምን? ጣቶቻቸው ትናንት የሳቱትን ዛሬ መሳት አለመሳታቸውን የሚሰማ አንድ ጆሮ ስለነበረ ነው፤ የራሳቸው ጆሮ። የራስን ሥራ መመዘን ማለት ይህ ነው። ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ግን በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም አስታውሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ሲታተም ዓላማው ለተቸገሩ ልጆች ገንዘብ ማግኘት ነበር። ዓለም በሰፊው የሰማቸው ወደ አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በመካከሉ በኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ኖሩ፤ ፒያኖአቸውንም ተጫወቱ። እ.ኤ.አ. በ2023፣ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ሥራቸውን ለምን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ ስንት ሰው እንደሰማው የሚነግራቸው ሰው እስኪመጣ አልጠበቁም።

«ያልገባቸው ነው» የሚሉትስ?

የቁጥር አምላኪዎችን ስወቅስ ከወዲያ ማዶ እጃቸውን የሚያጨበጭቡልኝ አሉ። «እውነት ነው! ሕዝቡ ደረጃው ዝቅ ብሏል፤ የእኔ ሥራ አልገባውም» የሚሉ ናቸው። ለእነርሱም አልቆምኩም።

ያልተነበበ ሁሉ ጥልቅ አይደለም። ያልተሸጠ ሁሉ ከዘመኑ የቀደመ አይደለም። የታገደ ሁሉም ታላቅ አይደለም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. እንደወጡ ቀሩ። መጽሐፉ ዛሬ ድረስ የሚነበበው ስለታገደ ብቻ ቢሆን ኖሮ በየዘመኑ የታገደ ጽሑፍ ሁሉ ዛሬ በየቤቱ በተገኘ ነበር። እገዳው መጽሐፉን አላሳነሰውም፤ አላተለቀውምም።

«ሕዝብ ይፍረድ» የሚለውም፣ «ታሪክ ይፍረድ» የሚለውም፣ «ሕዝብ አይገባውም» የሚለውም ሦስቱ አንድ ነገር ይሸሻሉ። ከገዛ ሥራቸው ጋር ፊት ለፊት መቀመጥን ይሸሻሉ። የመጀመሪያው ፍርዱን ለዛሬ ሰው ይሰጣል፤ ሁለተኛው ላልተወለደ ሰው ይሰጣል፤ ሦስተኛው ማንም እንዳይፈርድ በሩን ይዘጋል። ዛሬ ማታ ደብተሩን ከፍቶ «ይህች ስንኝ ውሸት ናት፤ ይህች ደግሞ የሌላ ሰው ናት፤ ይህች ግን የእኔ ናት» የሚል ግን ከሦስቱ አንድም የለም።

ቁጥር ቋንቋ ይገድላል

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአዊኛ ይማራሉ። ይህ መብት ብዙ ዋጋ የተከፈለበት ነው። እንግዲህ በአዊኛ ፊደል የቆጠረች አንዲት ልጅ አድጋ ግጥም መጻፍ ጀመረች እንበል። ሁለት ምርጫ አላት። በአማርኛ ከጻፈች በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር አንባቢ ሊያያት ይችላል። በአዊኛ ከጻፈች አንባቢዋ፣ ቢበዛ፣ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠር ሕዝብ መካከል ማንበብ የሚችለውና የሚወደው ነው።

ቁጥሩ ዳኛ ከሆነ ፍርዱ ከመጻፏ በፊት ተሰጥቷል። በአዊኛ የሚጻፍ ግጥም ሁሉ ከአማርኛው ያነሰ ነው፤ የአማርኛው ከእንግሊዝኛው ያነሰ ነው። እንዲህ ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው ቢኖር እናንተም እኔም እንቆጣ ነበር። በየቀኑ በስልካችን የምናደርገው ግን ይህንኑ ነው። ስለ ቋንቋና ባህል መጥፋት በየስብሰባው የምንጮህ ሰዎች፣ ልጆቻችን ሥራቸውን በእይታ ብዛት እንዲመዝኑ ስንፈቅድ ቋንቋውን በእጃችን እየቀበርነው ነው።

የአገሩ ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ የተሻለ ያውቃል። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉ ሲከበር እልፍ ሰው ይወጣል፤ ካሜራም ይበዛል። ጎበዝ ፈረሰኛ ግን የሚያየው ካሜራውን አይደለም። ያዳር ጓደኛው የሆነ ሌላ ፈረሰኛ ምን እንደሚለው ነው የሚጠብቀው። ፈረሱ ሲዞር ልጓሙን መቼ እንዳላላ፣ መቼ እንደሳበ የሚያውቀው እርሱ ነውና። እልፍ ሰው ያጨበጨበለትን ግልቢያ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ ዝም ካለበት፣ ፈረሰኛው ያንን ዝምታ ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው።

ልቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርድ ሴትም እንዲሁ ናት። ግጥሟ ለአንድ ሟች ነው፤ ለአንድ ቀን ነው፤ ሰሚዋ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ነገር ግን የሟቹን ኑሮ ያልነካች፣ ለማንም ሊባል የሚችል ግጥም ያወረደች እንደሆነ እርሷም ታውቃለች፤ ለቅሶ ደራሹም ያውቃል። የሚያውቀው ሰው ቁጥር ማነሱ ፍርዱን አያሳንሰውም።

ትምህርት ቤቱ እዚሁ ነበር

«ታዲያ በምን እንመዘን?» ለሚል ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ የሚባሉት ስሞች በአገሪቱ ሁሉ የታወቁት በዚህ ነው። በቅኔ ቤት አንድ ሰው የገዛ ሥራውን እንዲመዝን የሚያስተምር ሥርዓት ነበረ፤ ዛሬም አለ።

ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። መምህሩ ሲዘርፉ ይሰማል። ከዚያ ብቻውን ዞር ብሎ ይቆጥራል፤ ማለትም ቅኔውን በልቡ ያዘጋጃል። ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያርማሉ፤ ይህ ቃል ከዚያ ጋር አይገጥምም፤ ይህ ምሥጢር ጎደሎ ነው፤ ይህ የሰው ነው ይላሉ። ነገ ደግሞ የዛሬውን መድገም የለም፤ አዲስ ነው የሚቀርበው። ቀስ በቀስ ከጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቆጠራው ብቻን ነው። ተማሪው መምህሩ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ራሱ ስንቱን ጥሎ ስንቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ፣ ነገራው ለሚያውቅ ሰው ነው። መቶ የማያውቅ ሰው ፈልጎ «እንዴት ነው?» አይልም። ሦስተኛ፣ ነገ አዲስ ነው። ትናንት የተመሰገነው ቅኔ ዛሬ አያበላውም፤ ትናንት የተሰበረውም ዛሬ አይከስሰውም። ስለዚህ ሥራው ቢወድቅ ሰውየው አይወድቅም።

ይህ ሦስተኛው ነገር ዛሬ ከሁሉ በላይ ጎድሎናል። ወጣቱ ሥራውን ከራሱ መለየት አቅቶታል። ግጥሙ አልታየም ማለት እርሱ አልታየም ማለት ሆኖበታል። ስለዚህ ወይ ይተወዋል፣ ወይ የሚታየውን ብቻ ይሠራል።

ሂስ የጠፋው እንዴት ነው?

«የሚያርም መምህር ከወዴት ይምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ የለም። የጠፋውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ነገር መጣ። ሰው በስብሰባ መሐል ቆሞ ራሱን የሚከስስበት፣ ጓዱንም የሚያስከስስበት ሆነ። በኢሕአዴግ ዘመን ስሙ «ግምገማ» ተባለ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። ከዚያ ሁሉ የተረፈን ሁለት ነገር ነው። አንዱ ፍርሃት ነው፤ ሂስ ሲባል ከኋላው ቅጣት ያለ ይመስለናል። ሌላው መቶኛ ነው፤ ዕቅዱን 98 በመቶ ያሳካ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ አገልግሎት ያጣ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ግጥሙን በእይታ ብዛት የሚመዝነው ልጅ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቁጥር ሞልቶ ቁም ነገር የጎደለበትን ሪፖርት ሲሰማ ያደገ ልጅ ነው።

ከዚህ በላይ ይሉኝታ አለ። ልጁ ግጥሙን ሲያነብልን ግጥሙ ደካማ መሆኑን እያወቅን «በጣም ቆንጆ ነው፤ በርታ» እንለዋለን። ደግ የሆንን ይመስለናል፤ ግን ልጁን ብቻውን ትተነዋል። ያው ሰው ፊቱን በማናይበት ስልክ ላይ ሲመጣብን ደግሞ እንሰድበዋለን። ፊት ለፊት ይሉኝታ፣ ከስልክ ኋላ ስድብ። በመካከሉ «ሦስተኛው ስንኝህ ልክ ነው፤ አራተኛው ግን ቤት ለመምታት ብቻ የገባ ነው» የሚል ሰው የለም። አንድ እንዲህ ያለ ሰው ከአሥር ሺህ እይታ ይበልጣል።

ደም የሚያሞቅ ግጥም

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እይታ ዳኛ በሆነበት አገር የሚያሸንፈው የትኛው ሥራ እንደሆነ ባለፉት ዓመታት አይተናል። ደም የሚያሞቀው ነው። ወገንን የሚያስፎክረው፣ ሌላውን የሚያዋርደው ነው። ይህ በአንድ ወገን ብቻ አልሆነም፤ በሁሉም ሆኗል። የተኩስ ድምፅ ከማይሰማበት ከተማ ተቀምጦ የሚጻፈው ፉከራ ብዙ ይታያል፤ ልጇን ስላጣች እናት በዝግታ የተጻፈው አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ እናቲቱ የጻፈው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ፉከራ ይጽፋል። ተገድዶ አይደለም። ቁጥሩን አይቶ ነው።

ሽለላና ፉከራ የጎጃም ወግ ነው፤ ወጉን አልነቅፍም። የቀድሞው ፎካሪ ግን ፉክቶ ሲያበቃ የሚሄደው ራሱ ነበር። ሥራውን የሚመዝንበት ነገር ቀላል ነበር፦ ያለውን ያደርጋል ወይስ አያደርግም? የዛሬው ፎካሪ ሌላውን ልኮ እርሱ ቁጥር ይቆጥራል።

ለዚህ ነው የራስን ሥራ መመዘን የቅንጦት ጉዳይ አይደለም የምለው። «ይህን የጻፍኩትን፣ የጻፍኩላት እናት ፊት ቁጭ ብዬ ላነበው እችላለሁ ወይ?» ብሎ ራሱን የጠየቀ ሰው ብዙ ግጥም ይቀድዳል። ቢቀደዱ የሚሻሉ ግጥሞችም ብዙ ናቸው።

«እንጀራስ?»

ጽሑፉን እስከዚህ ያነበበ አንድ ሰው «ሰውየ፣ አርቲስት መብላት አለበት፤ እይታ ገንዘብ ነው» ማለቱ አይቀርም። ይህ ተገቢ ሙግት ነው፤ በፌዝ አላልፈውም። ጥሊሊ ላይ በግጥም የሚያድር ሰው የለም። በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ ስጦታ ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ወጣት ካለ እሰየው። ይሽጥ። ገበሬውም ድንቹን ይሸጣል፤ ዋጋም ይከራከራል፤ መብቱ ነው።

ግን ገበሬው የዘሩን ድንች በልቶ አያድርም፤ ካደረም አልቅሶ ነው። የሚሸጠውንና የሚያስቀምጠውን ስለለየ ነው ለከርሞ የሚዘራው ያለው። ለገበያ የሠራኸውን ለገበያ እንደሠራኸው እወቅ። ለሠርግ የታዘዝከውን ዜማ፣ ለመሠረት ድንጋይ ምረቃ የታዘዝከውን ግጥም ሠርተህ ገንዘብህን ተቀበል። ማታ ግን ያንን «ሥራዬ» ከምትለው ጋር አትደባልቀው። ጉዳቱ መሸጡ ላይ አይደለም፤ የተሸጠው ብቻ ሥራ መስሎ የታየህ ዕለት ነው።

ምን እናድርግ?

ለሠሪዎቹ፦ ሥራህን እንደጨረስክ አትልቀቀው። ክረምት የጻፍከውን ኅዳር ላይ አንብበው፤ የሚያሳፍርህን ስንኝ ያን ጊዜ ታገኘዋለህ። ከሌላ የሰማኸውን ሁሉ አውጣና ምን እንደቀረ ተመልከት። የቀረው ሁለት መስመር ከሆነ ያቺ ሁለት መስመር የአንተ ናት፤ ከእርሷ ጀምር። ስምህ ባይጻፍበት ይህን ሥራ ታወጣው ነበር ወይ? ይህን ራስህን ጠይቅ። አንቺም፣ በአዊኛ የጻፍሽውን አምስት ሰው ብቻ ቢያነበው፣ ከአምስቱ አንዷ አያትሽ ከሆኑና «ይህን ቃል ከየት አገኘሽው? እኔ ከእናቴ ወዲህ አልሰማሁትም» ካሉሽ፣ ያንን ሥራ ለዘር አስቀምጪው።

ለምናነበው፦ ይሉኝታን እንተው፤ ስድብንም እንተው። አንድ ወጣት ሥራውን ሲያሳየን አንድ የበረታበትን፣ አንድ የደከመበትን ነገር ለይተን እንንገረው። ለይቶ መናገር ካልቻልን አላነበብነውም ማለት ነው፤ «አላነበብኩትም» ማለትም ከባዶ ውዳሴ ይሻላል።

ለመምህራንና መድረክ ለምታዘጋጁ፦ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ መጻሕፍቱ፣ ቢጠፋ በአንድ ቡና ቤት ጥግ ላይ አምስት ሰው የሚቀመጥበት የነገራ ሰዓት ይኑር። ስልክ ኪስ ይግባ። አንዱ ያንብብ፤ አራቱ ያርሙ። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ሥራ ይዞ ይምጣ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ኔትወርክም አይጠይቅም። ለዚያ ብላችሁ ብቻ እንኳ ሞክሩት፤ ሌላ ጊዜ ኔትወርኩ ቢጠፋ የማይቋረጥ ነገር ይኖራችኋል።

የዚህ ጽሑፍ ቁጥርም ነገ ከግርጌው ይታያል። ብዙ ይሁን ጥቂት ክርክሩን አያጸናውም፤ አያፈርሰውምም። ክርክሩ ከተሳሳተ የት ላይ እንደተሳሳተ ጻፉልኝ፤ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው።

ቸር ያሰማን።